መንጋጋ መገጣጠሚያ ውስጥ ስለሚበቅል ለስላሳ አጥንት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ በጥርስ ክሊኒክ እሠራለሁ። "ከጆሮዬ ሥር ያመኛል፣ ሳኝክ ቀጭ ቀጭ ይላል" ብሎ የሚመጣ ሰው የማይጠፋበት ሳምንት የለም። አብዛኛው የማኘኪያ ጡንቻ ድካም ወይም በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለች ትራስ መሰል ዲስክ መንሸራተት ነው፤ በምክር፣ በእረፍትና በቀላል ሕክምና ይሻለዋል። እዚህ የምጽፈው ግን በእነዚያ መካከል ተደብቆ ስለሚያልፍ ብርቅ ሕመም ነው። ሐኪሞች ሳይኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ ይሉታል። ስሙን በሪፈር ወረቀቱ ላይ አንብቦ የደነገጠ ሰው የሚጠይቃቸውን፣ ሳይጠይቅ ቀርቶም መጠየቅ የነበረበትን እነሆ።

ይህ ስሙ የከበደ ነገር ምንድን ነው?

ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት ለፊት ያድርጉና አፍዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ከጣትዎ ሥር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ራስ ነው። ይህ መገጣጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ ብቻ አይሠራም፤ አፍ ሰፋ ሲል የመንጋጋው ራስ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በመካከሉ ያለችው ዲስክ ክፍሉን ላይና ታች ብላ ለሁለት ትከፍለዋለች። ውስጡን ደግሞ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ሥራው መገጣጠሚያው እንዳይፋተግ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማመንጨት ነው።

በዚህ ሕመም ያ ስስ ሽፋን ሥራውን ይስታል። ፈሳሽ ማመንጨት ሲገባው በላዩ ላይ የለስላሳ አጥንት እባጮች ያበቅላል። ለስላሳ አጥንት የምለው በጆሮ ቅጠልና በአፍንጫ ጫፍ ላይ የሚዳሰሰውን፣ ቢታጠፍ የማይሰበረውን፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉትን ነው። እባጮቹ እያደር ከሽፋኑ ይላቀቁና በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ከፈሳሹ ምግብ ስለሚያገኙ ተላቀውም ማደጋቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዱ ካልሲየም ይዞ ይጠጥራል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አጥንት ይሆናል። ሲወጡ ነጫጭ ናቸው፤ የሩዝ ፍሬ፣ የምስር ክክ ወይም የሽምብራ ያህል። ቁጥራቸው ከጥቂት አንሥቶ ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ከዲስኩ በላይ ባለው ክፍል ነው።

ሚልግራም የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 የሕመሙን ጉዞ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። በመጀመሪያው ሽፋኑ ታሟል፣ የተላቀቀ እባጭ (ከዚህ በኋላ "ፍሬ" የምለው) ግን የለም። በሁለተኛው ሁለቱም አሉ። በሦስተኛው ፍሬዎቹ ቀርተዋል፣ ሽፋኑ ግን ማብቀሉን አቁሟል። ይህን አከፋፈል የማነሣው ለዕውቀት ያህል አይደለም፤ ቀዶ ሐኪሙ ሽፋኑን ምን ያህል ማንሣት እንዳለበት ሲወስን ወሳኝ ነው።

ካንሰር ነው?

አይደለም። ወደ ካንሰር ተለወጠ የሚባልበት አጋጣሚም እጅግ ብርቅ ነው። ነገር ግን ከለስላሳ አጥንት የሚነሣ ኮንድሮሳርኮማ የሚባል ካንሰር በምስልም በማይክሮስኮፕም ሊመስለው ስለሚችል፣ በቀዶ ሕክምና የወጣው ነገር ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ መላክ አለበት። "ጠጠሩ ወጥቷል፣ ምን ያስመረምራል?" ቢባሉ እሺ አይበሉ።

ለምን እኔን ያዘኝ?

ምክንያቱ በውል አይታወቅም። ሕመሙ በጠቅላላው በብዛት የሚታየው በጉልበት ነው፤ ከዚያ ዳሌ፣ ክርንና ትከሻ ይከተላሉ። በጉልበት የተላቀቁ ፍሬዎችን አምብሩዋዝ ፓሬ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1558 ጽፎባቸዋል፤ በመንጋጋ መገጣጠሚያ ግን መጀመሪያ የተገለጸው በ1933 ነው፣ አክስሃውዘን በተባለ ጀርመናዊ። ሌላው የሚገርመው፣ በትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ወንዶች ሲበዙ በመንጋጋ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በአርባዎቹና በአምሳዎቹ ዕድሜ። ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ በአንድ ወገን ብቻ ይወጣል።

በቅርብ ዓመታት ከታማሚዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ሁለት ጂኖች ተቆርጠው እርስ በርስ የተጣበቁበት ለውጥ ተገኝቷል። ለውጡ ያለው በታመመው ሽፋን ሴሎች ውስጥ ብቻ ስለሆነ ወደ ልጅ አይወረስም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ በአንድ ሲኒ ቡና መጠጣት ምንም አያመጣም። በሌላ በኩል ከድሮ ጉዳት ወይም ከመገጣጠሚያ ብግነት በኋላ ፍሬዎች የሚፈጠሩበት ሁለተኛ ዓይነትም አለ። ስለዚህ መንጋጋዎን ተመትተው ወይም ወድቀው ከነበረ፣ አሥር ዓመት ቢያልፈውም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጫት ነው ያመጣብኝ?

ጅማ ላይ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ መንጋጋ ማውራት አይቻልም። ጫት ይህን ሕመም እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ጫት የማያውቁ ሰዎችም ይታመሙበታል።

ይህን ሰምቶ እፎይ የሚል ሰው ግን ይቆየኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በአንድ ጉንጭ ይዞ ማኘክ የማኘኪያ ጡንቻውን ያደክማል፣ መገጣጠሚያውንም ይጫናል፤ ከጆሮ ሥር ሕመምና ቀጭታ ይዘው የሚመጡ ቃሚዎችን ስናይ የኖርነው ነው። ለእኔ ከዚህ የከፋው ግን ጫቱ ሰበብ መሆኑ ነው። ሰውየው ከጆሮው ፊት እብጠት ሲያይ "የመቃም ጉንጭ ነው" ይላል፤ ባለቤቱም ትላለች፤ አንዳንዴ ሐኪሙም ይላል። መለያው እነሆ። የጡንቻ መወፈር ዝቅ ብሎ በመንጋጋው ማዕዘን ላይ ነው፤ ጥርስዎን ሲነክሱ ይጠነክራል፣ ሲለቁ ይላላል። የዚህ ሕመም እብጠት ግን ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ከመገጣጠሚያው ላይ ነው፤ ቢነክሱም ቢለቁም እዚያው ነው። ለሁለት ሳምንት ጫቱን ይተዉት። በዚያ ጊዜ ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም እብጠቱ እዚያው ካለ፣ ጫቱን መውቀስ ይቅርና ምስል ይነሡ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ከጆሮ ፊት የሚቀመጥ ድፍን ሕመም፣ በተለይ ሲያኝኩ። ቀስ እያለ የሚመጣ እብጠት። አፍ ሲከፈት እንደ አሸዋ የሚንሻሸት ወይም የሚንቋቋ ድምፅ። የአፍ መክፈቻ መጥበብ። አገጭ ሲከፈት ወደ ታመመው ወገን መሄድ። ከሁሉም ይበልጥ ጆሮዬን የሚያቆመው ደግሞ "ጥርሴ አልገጥም አለኝ" የሚል ሰው ነው። መገጣጠሚያው በፍሬና በፈሳሽ ሲሞላ የመንጋጋውን ራስ ወደ ታች ስለሚገፋው፣ በዚያ ወገን ያሉት የኋላ ጥርሶች መነካካት ያቆማሉ። ሰውየው ቆሎ በዚያ ወገን መቆርጠም ያቃተው ጥርሱ ስለታመመ ሳይሆን ጥርሶቹ ስለማይገናኙ ነው።

በቤትዎ የሚያደርጉት ቀላል መለኪያ አለ። ሦስት ጣቶችዎን ደርበው በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል በቁመት ያስገቡ፤ የራስዎን ጣት እንጂ የሰው ጣት አይጠቀሙ። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ያስገባል። ሁለት ብቻ ከገባ ጠባብ ነው። ባለፈው ወር ሦስት ገብቶ አሁን ሁለት ከሆነ ደግሞ አይዘግዩ።

ምልክቶቹ ተራ ስለሚመስሉ ከመጀመሪያው ሕመም እስከ ትክክለኛው ስም ዓመታት የሚያልፉባቸው ታማሚዎች ብዙ ናቸው።

ጆሮ ደግፍ ነው ብለውኛል። መንጋጋ ቆልፍም ያሉኝ አሉ።

ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣ የምራቅ ዕጢ እብጠት ነው። ትኩሳት አለው፣ በአብዛኛው ልጆችን ይይዛል፣ በቀናት ውስጥም ይበርዳል። ወራት የቆየ እብጠት ጆሮ ደግፍ አይባልም። ይሁንና ከጆሮ ፊት ያለው የምራቅ ዕጢ ራሱ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል፤ ይህንና የመገጣጠሚያውን ሕመም በእጅ ዳሰሳ ብቻ መለየት ልምድ ላለው ሐኪምም ያስቸግራል።

መንጋጋ ቆልፍ ፍጹም ሌላ ነው። በቁስል በኩል የገባ ባክቴሪያ መርዝ ያመጣዋል፣ በቀናት ውስጥ አንገትንና መላ ሰውነትን ያደርቃል፣ ይገድላልም። መንጋጋው በድንገት ተቆልፎ አንገቱ የደረቀ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ጥርሴ ነው ብለው ሁለት ነቀሉልኝ፣ ሕመሙ ግን አለ።

ይህ የሙያችን እፍረት ነው፤ የማንንም ስም ሳልጠራ እናገረዋለሁ። የመገጣጠሚያ ሕመም ወደ ጥርስ፣ ወደ ጆሮና ወደ ጭንቅላት ይሠራጫል። ታማሚው ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ንቀልልኝ፣ ይገላግለኝ" ሲል፣ ሐኪሙም ወረፋው በዝቶበት ሲነቅል አይቻለሁ። የታመመ ጥርስ ምልክት አለው፦ የተቦረቦረ፣ ሲንኳኳ የሚያም፣ ቀዝቃዛ ሲነካው የሚያንዘፈዝፍ፣ ወይም በራጅ ላይ ከሥሩ የጠቆረ። ከእነዚህ አንዱ ሳይኖር ጥርስ አይነቀልም። "የትኛው ጥርስ ነው፣ በምን አወቁት?" ብለው ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። የመጀመሪያው ተነቅሎ ሕመሙ ካልሄደ ደግሞ ሁለተኛው ከመነቀሉ በፊት መገጣጠሚያው ይታይ።

ወጌሻ ጋ ብሄድስ?

መንጋጋ ሲወልቅ የሚመልሱ ወጌሾች አሉ፤ እጃቸውን አላጣጥልም። እዚህ ግን የወለቀ ነገር የለም። በውስጡ ጠጠር የሞላበትን መገጣጠሚያ በኃይል መሳብና መጫን ዲስኩን ሊቀድ፣ ብግነቱንም ሊያባብስ ይችላል። በለብታ ውኃ የተነከረ ፎጣ ያስታግሳል፤ እሱን ቤትዎ ያድርጉ። ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ ቀጠሮውን ብቻ አያስቀሩ።

በምን ምርመራ ይታወቃል?

መጀመሪያ መላውን መንጋጋ በአንድ ፊልም የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ይነሣል። ፍሬዎቹ ካልሲየም ከያዙ እንደ ተበተነ ጠጠር ይታያሉ። ካልያዙ ግን አይታዩም፤ ስለዚህ "ራጁ ንጹሕ ነው" ማለት "መገጣጠሚያው ንጹሕ ነው" ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ሲቲ ስካን የጠጠሩትን ፍሬዎች፣ የአጥንቱን መበላትና የመገጣጠሚያውን ጣሪያ ያሳያል። ጣሪያው ከበላዩ አንጎል ያለበት ስስ አጥንት ነው፤ አልፎ አልፎ ሕመሙ በስቶት ወደ ራስ ቅል ውስጥ የገባባቸው ታማሚዎች አሉና ቀዶ ሐኪሙ ይህን ሳያይ ቢላ አያነሣም። ኤምአርአይ ደግሞ ያልጠጠሩትን ፍሬዎች፣ የፈሳሹን መጠን፣ የዲስኩን ሁኔታና ከምራቅ ዕጢው ጋር ያለውን ድንበር ያሳያል። ሁለቱን የሚያዝዝ ሐኪም ገንዘብዎን እያባከነ አይደለም፤ አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም። የመጨረሻው ፍርድ ግን የፓቶሎጂ ነው።

የሚያሟሟው መድኃኒት የለም?

የለም። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ሕመሙን ይቀንሳሉ፣ ፍሬውን ግን አይነኩትም፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ እነሱንም ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ በሌለበት ምንም አይሠራም። መገጣጠሚያውን በመርፌ ማጠብ ለጊዜው ያቀልላል እንጂ ፍሬውን አያወጣም።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ነው የሚሠራው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አርትሮስኮፒ ይባላል፤ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ይገባና ፍሬዎቹ ታጥበው ይወጣሉ። ጠባሳው ኢምንት ነው። ችግሩ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚበልጥ ፍሬ አለማለፉ ነው፤ የታመመ ሽፋንን ጠርጎ ማንሣትም ያስቸግራል። መሣሪያውም ሙያውም በየቦታው አይገኝም።

ሁለተኛው ክፍት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለአብዛኛው ታማሚ የሚመረጠውም እሱ ነው። በሙሉ ማደንዘዣ ተኝተው፣ ከጆሮ ፊት ባለው የቆዳ እጥፋት ላይ ይቀደዳል። የመገጣጠሚያው ከረጢት ይከፈታል፣ ፍሬዎቹ ይለቀማሉ፣ የታመመው ሽፋን ይነሣል፣ ውስጡ ይታጠባል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ይተዋል፤ ከተበሳ ወይም ከተበላ ይጠገናል ወይም ይወጣል። የመንጋጋውን ራስ መቁረጥ ሕመሙ አጥንቱን ክፉኛ ሲጎዳው ብቻ የሚደረግ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ይህን የሚልዎ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ፣ ሌላ ሐኪምም ያማክሩ።

ከመግባትዎ በፊት የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን ነገር የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። አፍዎ በጣም የጠበበ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ማሳወቅ የግድ ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦውን በአፍንጫ በኩል ለማስገባት ይዘጋጃሉ።

ፊቴ ይጣመማል?

ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። የፊት ነርቭ ቅርንጫፎች ከመገጣጠሚያው አጠገብ ያልፋሉ። በተለይ ግንባርን የምታሸበሽበውና ቅንድብን የምታነሣው ቅርንጫፍ በመሳብ ብቻ ልትደክም ትችላለች። ይህ ሲሆን በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በቋሚነት የሚቀረው ጥቂት ነው። ከጆሮ አካባቢ መደንዘዝ፣ አንዳንዴም ምግብ ሲበሉ ከጆሮ ፊት ላብ ማላብ ሊኖር ይችላል። ጠባሳው በጆሮው እጥፋት ስለሚደበቅ ፊት ለፊት የሚያይዎ ሰው አያስተውለውም።

ጅማ ላይ ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

ጉዞዎን ከጅማ ይጀምሩ። የመጀመሪያው ምርመራ፣ የጥርስ ራጁና ከሌላ ሕመም መለየቱ እዚሁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጥርስ ክፍል ሊታይ የሚችል ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። በዚያን ጊዜ ስፔሻሊስቱ እዚህ ካለ መልካም፤ ካልሆነ ሪፈሩ ወደ አዲስ አበባ ይጻፋል። የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ከሚጠሩት መካከል ናቸው።

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወልቂጤ በኩል ሙሉ ቀን የሚበላ መንገድ። ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈራል ሰንሰለቱን ይጠብቁ፤ ወረቀቱ ማኅተም ያለው መሆኑን ከመነሐሪያው በፊት ያረጋግጡ፣ መነሐሪያ ላይ ሆነው አይደለም። የሲቲ ስካኑን ወይም የኤምአርአዩን ሲዲ ከነሪፖርቱ ይያዙ። ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል። ሲዲው ቀርቶ ሌላ ለማስነሣት ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ከወጣሁ በኋላ ምን ልብላ?

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይታኘክ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስለስ ያለ ገንፎ፣ በወጥ በደንብ የራሰ ፍትፍት። አቮካዶና ሙዝ ጅማ ላይ ሞልቷል፤ ይጠቀሙበት። ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ጥሬ ሥጋና ጫት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ። ቡና ይቻላል፣ በጣም ትኩስ እንዳይሆን ብቻ።

ከምግቡ ይበልጥ የሚከብደው እንቅስቃሴው ነው። አፍን መክፈት መለማመድ የሚጀመረው ሐኪሙ ባለው ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ያማል። አስታማሚዎች አዝነው "ተወው፣ ይረፍ" ይላሉ፤ ርኅራኄው እዚህ ላይ ይጎዳል። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ በጠባሳ ይያዛል። ጉሮሮ ሲመረመር ምላስ የሚጫኑባቸው ጠፍጣፋ እንጨቶች ርካሽና ጥሩ መሣሪያ ናቸው፦ ደርበው በጥርስ መካከል ያስገቡ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ ይጨምሩ፣ ቁጥሩን በደብተር ይጻፉ። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ። ግቡ እነዚያው ሦስት ጣቶች ናቸው።

ተመልሶ ይመጣል?

ፍሬዎቹ ሁሉ ወጥተው የታመመው ሽፋን ከተነሣ መመለሱ ጥቂት ነው። የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ የቀረ ሽፋን ሲኖር ነው። ለጥቂት ዓመታት ቀጠሮ ይኖርዎታል፤ ሐኪሙ ሲያዝም ምስል ይደገማል። እብጠቱ በፍጥነት ካደገ፣ ፊትዎ ከደነዘዘ ወይም መስማትዎ ከቀነሰ ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ብዙም ካላመመኝ ብተወውስ?

በሌላ ምክንያት በተነሣ ምስል ላይ በአጋጣሚ የተገኘ፣ አፍን ያላጠበበና ያላበጠ ከሆነ በየጊዜው እየታየ ሊቆይ ይችላል፤ ያንን ግን ሐኪሙና እርስዎ ምስሉን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ትወስኑታላችሁ። አፍ እየጠበበ ከሄደ፣ ጥርስ መግጠም ካቆመ ወይም የመገጣጠሚያው ጣሪያ ከሳሳ መተው አይመከርም። እስከዚያው በየወሩ መጀመሪያ ሦስት ጣትዎን ያስገቡና የገባውን ቁጥር ከቀኑ ጋር ይጻፉ፤ ያንን ደብተር ለቀጠሮ ይዘው ሲመጡ ግማሹን ምርመራ ሠርተውልኛል ማለት ነው።